የአዋላጆቻችንን ሥልጠና ለለጋሾች አትተዉት

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለገንዘብ ሚኒስቴር፣ ለትምህርት ሚኒስቴር፣ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ደኅንነቱ የተጠበቀ የፅንስ ማቋረጥና ከውርጃ በኋላ የሚሰጥ ሕክምና ሥልጠና ከመንግሥት ግምጃ ቤት ቋሚ በጀት እንዲመደብለት ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ የሥራ ኃላፊዎች፣

በአዋላጅ ነርስነት አገልግዬ አሁን አዋላጆችን የማስተምር ሴት ነኝ። የምጠይቃችሁ ነገር አንድ ነው። በአገራችን ሕግ በተፈቀደው መጠን ፅንስ የማቋረጥ አገልግሎት የሚሰጡ፣ ፅንስ ወርዶባቸው ደም የሚፈሳቸውን ሴቶችም የሚታደጉ ባለሙያዎችን የማሠልጠኑን ወጪ መንግሥት ራሱ ይሸፍን። ገንዘቡም የራሱ የሂሳብ መደብ ይኑረው፤ በየዓመቱ ይታወቅ፤ ከፌዴራል ተነሥቶ ወረዳ ድረስ ይውረድ። እስከ ዛሬ ይህ ሥልጠና በአብዛኛው የቆመው በውጭ እርዳታ ነው። እርዳታው ሲመጣ የስብሰባ አዳራሽ ይሞላል፤ ሲቋረጥ ሥልጠናውም አብሮ ይቋረጣል። ሴቶቹ ግን መምጣታቸውን አያቋርጡም።

ከሕጉ ልጀምር፤ በባለሙያውም ዘንድ ሳይቀር በጉምጉምታ እንጂ በአንቀጹ አይታወቅምና። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ያስቀጣል። በአንቀጽ 551 ግን የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በቅርብ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፤ መቀጠሉ የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት ወይም የእናቲቱን ጤንነት ለአደጋ የሚያጋልጥ ሲሆን፤ ፅንሱ ሊድን የማይችል ከባድ ጉድለት ያለበት ሲሆን፤ እንዲሁም ነፍሰ ጡሯ ባለባት የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ምክንያት ልጁን ለማሳደግ የማትችል ስትሆን። አንቀጽ 552 ደግሞ ለተደፈረችው ሴት የራሷ ቃል በቂ ማስረጃ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጪ አይላትም። አፈጻጸሙን በመመሪያ የመወሰኑን ኃላፊነትም ሕጉ የሰጠው ለእናንተ መሥሪያ ቤት ነው።

ያንን ኃላፊነት እንደተወጣችሁ መመስከር ይገባኛል። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና የአሠራር መመሪያ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2014 የተሻሻለው እትም አገልግሎቱን ከትልልቅ ሆስፒታሎች አውርዶ ጤና ጣቢያ አደረሰው። ሥራውን ለሐኪም ብቻ ሳይተው አዋላጅ ነርሷና ጤና መኮንኑ ሠልጥነው እንዲሠሩት ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ልዩ ልዩ የጤና ባለሙያዎች በዚህ ሥራ እንዲሠማሩ ሲመክር፣ ኢትዮጵያ ይህን ዓመታት ቀድማ ጀምራው ነበር። በሥነ ተዋልዶ ጤና ላይ የሚሠሩት ጉትማከር ኢንስቲትዩትና አይፓስ የተባሉት ድርጅቶች ባደረጉት ጥናት ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በአገሪቱ ከተፈጸሙት የፅንስ ማቋረጦች በጤና ተቋም የተከናወኑት 27 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2014 ወደ 53 በመቶ ደረሱ። በስድስት ዓመት እጥፍ ማለት ነው። ይህ የሆነው ሰው ስለሠለጠነ ነው።

የቀረውን 47 በመቶ ግን አንርሳው። በዚያው ጥናት ግምት በ2014 በጠቅላላው የተፈጸመው 620,300 ያህል ነበርና፣ ከጤና ተቋም ውጭ የቀሩት ከ290,000 በላይ ናቸው። ሁሉም ተጎዱ ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ከመድኃኒት መደብር ክኒን ገዝተው የወሰዱ ናቸው። ሌሎቹ ግን ወደ እኛ የሚመጡት ደማቸው አልቆ ወይም መግል ይዘው፣ ትኩሳት አቃጥሏቸው ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአዲስ አበባ በተደረገ ጥናት የእናቶች ሞት ዋነኛ መንስኤ ሆኖ የተገኘው የውርጃ ጠንቅ ነበር። ያስተማሩኝ አንጋፋ አዋላጆች ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። ዛሬ ያ ዘመን ርቋል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቻችን እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 871 የነበረውን የእናቶች ሞት በ2016 ወደ 412 አውርደው መዝግበውታል። ለዚህ መቀነስ ብዙ ምክንያት አለው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አምቡላንሱ፣ የእርግዝና መከላከያው ሁሉ ድርሻ አላቸው። የሠለጠነች አዋላጅ ድርሻ ግን ትንሽ አይደለም።

እዚህ ላይ ሥልጠናው ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ በጀት የሚወስነው ሰው ብዙ ጊዜ የክኒን ስም ማስጠናት ይመስለዋልና።

መጀመሪያ መጠየቅ ነው። አንዲት ሴት የመጨረሻ የወር አበባዋ መቼ እንደመጣ ስትጠየቅ ቀን ቆጥራ አትነግርሽም። «ፍልሰታ ሊገባ ሲል»፣ «የመስቀል ሰሞን»፣ «ረመዳን ከወጣ በኋላ» ትላለች። ተማሪዋ ይህን ወደ ሳምንት መለወጥ አለባት። ከዚያ በእጇ ማኅፀኑን ዳስሳ ያገኘችውን መጠን ከተነገራት ጋር ታመሳክራለች። ሁለቱ ካልተስማሙ ማቆም፣ እንደገና መጠየቅ፣ ካስፈለገም ለአልትራሳውንድ መላክ አለባት፤ ሳምንቱን የሳተ ሰው የሕክምናውንም ዓይነት ይስታልና። የማኅፀኑ መጠን ከሳምንቱ አንሶ ከተገኘና በአንድ ጎን ሕመም ካለ ደግሞ ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል ብላ መጠርጠር ይኖርባታል። ፅንስ ለማቋረጥ የሚሰጡት ሚፌፕሪስቶንና ሚሶፕሮስቶል የሚባሉት መድኃኒቶች ያንን እርግዝና አያቋርጡም። ክኒን ተሰጥቷት ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት የማኅፀን ቱቦዋ ፈንድቶ ሆዷ ውስጥ ደም ሊፈስሳት ይችላል። ይህን የመጠርጠር ዓይን ከወረቀት አይገኝም። አጠገቧ ቆሞ «እስቲ ደግመሽ ዳስሺ» የሚላት መምህር ያስፈልጋታል።

ከዚያ እጅ ነው። ኤምቪኤ የምንለው በእጅ የሚሠራ የቫኪዩም መሣሪያ ቀላል ይመስላል፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ለገጠር ጤና ጣቢያ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ከስለታሙ የብረት መፋቂያ ይበልጥ አስተማማኝ በመሆኑም የዓለም ጤና ድርጅት ያንን እንዲተካ ይመክራል። ነገር ግን የማኅፀኑ አቀማመጥ ወደፊት ይሁን ወደኋላ ሳይለይ የገባ መሣሪያ ማኅፀን ሊበሳ ይችላል። ተማሪዋ በሞዴል ላይ ደጋግማ ሠርታ፣ ከዚያ በመምህሯ ዓይን ሥር በታካሚ ላይ ሠርታ፣ የወጣውን ነገር በብርሃን መርምራ ሙሉ መሆኑን አረጋግጣ፣ መሣሪያውን አጥባና ከጀርም አጽድታ ለሚቀጥለው እስክታዘጋጅ ድረስ ተማረች አይባልም።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን የሕመም ማስታገሻ ነገር ነው። በማኅፀን በር ዙሪያ የሚሰጠው ማደንዘዣ ርካሽ ነው፤ አሰጣጡም ለአዋላጅ የሚከብድ አይደለም። ሆኖም በቅጡ ያልሠለጠነ ባለሙያ ይዘለዋል። ልጅቷ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ስትጮህ «ያኔ አላመመሽም?» የሚል ቃል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንዲህ የሚል ባለሙያ በተፈጥሮው ጨካኝ ነው ብዬ አላምንም። የሚሠራውን ያልተማረ፣ የፈራ፣ ፍርሃቱንም በቁጣ የሚሸፍን ሰው ነው። በሚገባ የሠለጠኑት ተማሪዎቼ እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሥልጠና እጅን ብቻ ሳይሆን አንደበትንም ይገራል።

በመጨረሻም ሴትዮዋ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት የሚደረገው ንግግር አለ። ፅንስ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ እንደገና ማርገዝ ይቻላል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ «ከወር በኋላ ለመከላከያው ተመለሺ» ብሎ ይሸኛታል፤ እሷም ከወር በኋላ አርግዛ ትመለሳለች።

ክቡራን፣ ከላይ የዘረዘርኩት ሙያ ፅንስ ማቋረጥን ለሚቃወም ሰውም የሚያስፈልግ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ማንም ሳይነካቸው በራሳቸው ይወርዳሉ። ስንት ዓመት ልጅ ስትጠብቅ ኖራ በሦስተኛው ወር የወረደባት ሴት፣ ሌሊት በቃሬዛ ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሚያስፈልጋት መሣሪያ ያው ኤምቪኤ ነው። መድኃኒቱም ያው ሚሶፕሮስቶል ነው፤ ሚሶፕሮስቶል ከወሊድ በኋላ የሚፈስስን ደም ለመግታትም ያገለግላል። ይህን ሥልጠና በጀት የነፈግን እንደሆነ የምንነፍገው ለሁለቱም ሴቶች ነው። ባለሙያዋ የማኅፀንን ቀሪ ነገር ማውጣት ካልተማረች፣ ሴትዮዋ ለምን እንደደማች መጠየቅ ምንም አይጠቅማትም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልምጣ። በአብዛኛው የለመድነው የሥራ ላይ ሥልጠና ነው። ከጤና ጣቢያው አንድ ሰው ይመረጣል፤ ወደ ከተማ ይጠራል፤ በአበል ይሠለጥናል፤ የምስክር ወረቀትና መሣሪያ ይዞ ይመለሳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያ ሰው ይዛወራል፣ ትምህርት ይገባል፣ ወይም ሥራ ይለቃል። አንድ ጤና ጣቢያ ገብቼ መሣሪያው በፕላስቲክ እንደታሸገ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት አግኝቻለሁ። የሠለጠነችው አዋላጅ ተዛውራለች፤ የቀሩት «አልሠለጠንም» ብለው ሴቶችን ወደ ሆስፒታል ይልካሉ። መልሳቸው እውነት ነበር፤ ባልተማሩት ሥራ እጃቸውን ስላላስገቡ አልወቅሳቸውም። ሪፖርቱ ላይ ግን ያ ጤና ጣቢያ «አገልግሎት ይሰጣል» ተብሎ ተመዝግቧል። ወደ ሆስፒታል ተላከች የተባለችው ሴት የመኪና መክፈያ ይኑራት አይኑራት፣ ከባሏ ወይም ከአባቷ ሳትደበቅ መሄድ ትችል እንደሆነ የጠየቀ የለም። ብዙዎቹ ሆስፒታል አይደርሱም።

መፍትሔው በትምህርት ቤት መጀመሩ ነው። ለዚህም ከአገራችን የወጣ ምሳሌ አለን። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከአሜሪካው የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የቤተሰብ ምጣኔንና የፅንስ ማቋረጥ ሕክምናን በመደበኛ ትምህርት ውስጥ አስገብቷል፤ ምቹ የተባለው ክሊኒክም ተማሪዎች የሚሠሩበት ሆኗል። ሥራው ከዚያ ወደ ሌሎች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተስፋፍቷል። እኔ የምጠይቀው ያው ነገር በክልል ጤና ሳይንስ ኮሌጆች ለሚማሩት አዋላጆችና ለጤና መኮንኖች በመንግሥት ወጪ እንዲዳረስ ነው። ገጠር የሚወርዱት እነሱ ናቸውና። ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናና የሙያ ብቃት ምዘና ይወስዳሉ፤ መልካም ነው። ነገር ግን በወረቀት ላይ ትክክለኛውን ፊደል መምረጥና ማኅፀንን በእጅ መመዘን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ተማሪዋ ከመመረቋ በፊት በመምህር ፊት የሠራቻቸው ሥራዎች የተመዘገቡበት መዝገብ ይኑራት፤ ያለ እሱም አትመረቅ። ለዚህ ኮሌጆቹ ሞዴል፣ መሣሪያና በቂ የልምምድ ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ባለሙያው ፈቃዱን ለማደስ የሚወስደው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናም ይህን ርዕስ በነፃ ያካትት።

ለምን መንግሥት ራሱ ይክፈል እንደምል ደግሞ የውጭውን ገንዘብ ታሪክ ተመልከቱ። «የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ» የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ክልከላ የፅንስ ማቋረጥ አገልግሎት የሚሰጥ ወይም ስለዚያ የሚመክር የውጭ ድርጅት የአሜሪካን እርዳታ እንዳያገኝ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1984 ወጣ። በ1993 ተነሣ፣ በ2001 ተመለሰ፣ በ2009 ተነሣ፣ በ2017 ተመለሰ፣ በ2021 ተነሣ፣ በ2025 እንደገና ተመለሰ። በዚያው በ2025 የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት ራሱ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በነበረው ሌላ ሕግ ምክንያት ያ ድርጅት ለፅንስ ማቋረጥ ቀድሞም አይከፍልም ነበር፤ ለእርግዝና መከላከያና ለእናቶች ጤና ግን ይከፍል ነበር። የመከላከያው አቅርቦት ሲሳሳ ያልተፈለገ እርግዝና ይበዛል፤ ያን ጊዜ ጫናው የሚያርፈው እኛ ተማሪዎቻችንን በላክንባቸው ጤና ጣቢያዎች ላይ ነው። አሜሪካኖች በገንዘባቸው የወደዱትን የማድረግ መብት አላቸው። የአንድ ኢትዮጵያዊት አዋላጅ ትምህርት ግን በሰው አገር ምርጫ ውጤት መወሰኑ ያሳፍረኛል። የራሳችን ፓርላማ ያወጣውን ሕግ የማስፈጸም ወጪ የራሳችን ነው።

ስለ እምነትም ዝም ብዬ አላልፍም። እኔም ጾምና ጸሎት ባለበት ቤት ያደግሁ ነኝ። በክፍሌ ውስጥ መስቀል ያሰሩም ሂጃብ የለበሱም ተማሪዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ፊቴ ቆመው «መምህርት፣ እኔ ይህን አልሠራም» ይሉኛል። አላስገድዳቸውም። የምነግራቸው ሁለት ነገር ነው። ፅንስ አላቋርጥም ያለች አዋላጅ ሴትዮዋን ሳትሰድብና ሳታጓትት ለሚሠራው ባልደረባዋ ወዲያውኑ ማስረከብ አለባት። ደም እየፈሰሳት የመጣችውን ግን ማንም ቢሆን አልነካም ማለት አይችልም። ይህ የሚሠራው ታዲያ ማስረከቢያ ሁለተኛ ሰው ሲኖር ነው። በአንድ ጤና ጣቢያ አንድ ሰው ብቻ የሠለጠነ እንደሆነ የዚያ ሰው ኅሊና የወረዳው ሁሉ ሕግ ይሆናል። የባለሙያውን እምነት ማክበር የምንፈልግ ከሆነ ብዙ ሰው ማሠልጠን አለብን። ሚኒስቴሩም እምቢ ማለት የሚቻልበትንና የማይቻልበትን ድንበር በግልጽ ጽፎ ለየተቋሙ ይላክ፤ እኔ እንደማየው አሁን ብዙው በየራሱ ግምት ነው የሚሠራው።

የጦርነቱን ነገር ሳላነሳ ብቀር ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በተካሄደው ጦርነት ሴቶች ተደፍረዋል፤ በትግራይ የተፈጸመውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ቢሮና የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጋራ መርምረው አረጋግጠውታል። ጤና ጣቢያዎችም ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ለተደፈረች ሴት የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ በአምስት ቀን ውስጥ ሊደርሳት ይገባ ነበር። መንገድ በተዘጋበት፣ ባለሙያ በሸሸበት ቦታ ሁለቱም ያልደረሳት፣ በመጨረሻ ሕጉ በአንቀጽ 551 የሰጣት አንድ ነገር ብቻ ቀራት፤ እሱንም የሚያደርግላት የሠለጠነ ባለሙያ አልነበረም። ዛሬም ግጭት ያልበረደባቸው አካባቢዎች አሉ። አሠልጣኝ ወደ እነሱ መድረስ ካልቻለ ባለሙያዎቻቸው ወደ አጎራባች ከተማ መጥተው የሚሠለጥኑበት ገንዘብ አስቀድሞ ይመደብ እንጂ «ሰላም ሲሆን» አይባል።

የገንዘቡን ነገር እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ለሥልጠና የሚተርፈው ጥቂት ነው፣ ለዚህ ዓይነቱ ሥልጠና ደግሞ ማንም አስተዳዳሪ በራሱ ተነሳሽነት አይመድብም፣ በምክር ቤት ፊት ስሙን መጥራት ያስፈራዋልና። ስለዚህ ከላይ ተወስኖና ለዚሁ ብቻ ተለይቶ መውረድ አለበት። ወጪው ከሚመስለው ያነሰ ነው። ለሞት የሚያሰጋ ደረጃ ላይ የደረሰችን ሴት በሆስፒታል አስተኝቶ፣ ደም ሰጥቶ፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥር አውርዶ፣ አንዳንዴም ማኅፀኗን አውጥቶ ማትረፍ የሚያስወጣውን ከአንድ ኤምቪኤና ከአንድ አዋላጅ ሥልጠና ጋር አስተያዩት። የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም መሣሪያውንና መድኃኒቱን ባለሙያ ለሠለጠነበት ተቋም ሳያቋርጥ ያድርስ። ሠልጥና መድኃኒት ያጣች አዋላጅ የተማረችውን በዓመት ውስጥ ትረሳዋለች።

በዓመት አንዴ የሚመጣ የቡድን ጉብኝትም ብቻውን አይበቃም። በየዞኑ አንድ ወይም ሁለት የተካኑ አዋላጆች በአማካሪነት ይመደቡ፤ ጤና ጣቢያዎቹን እየዞሩ አብረው ይሥሩ፤ አስቸጋሪ ነገር ሲገጥም በስልክ ይጠየቁ። እነዚህ ሰዎች አሁንም አሉ፤ ያለ ምንም ክፍያና ያለ ደብዳቤ የባልደረቦቻቸውን ስልክ በሌሊት የሚያነሱ አዋላጆች አውቃለሁ።

ከመጪው ሐምሌ 1 በፊት፣ የሚቀጥለው የበጀት ዓመት ሳይገባ፣ ሁለት ነገር ለሕዝብ እንድታሳውቁ እጠይቃለሁ፦ በየክልሉ ስንት ጤና ጣቢያዎች ዛሬ በሥራ ላይ ያለ የሠለጠነ ባለሙያ እንዳላቸው፣ እንዲሁም ለዚህ ሥልጠና ከመንግሥት ግምጃ ቤት ምን ያህል እንደተያዘ። የመጀመሪያውን ቁጥር ስትሰበስቡ «ሠልጥኖ ነበር» የሚለውን «አሁን አለ» ከሚለው ለዩልን። የኮሌጆቹን የልምምድ መዝገብና የሥርዓተ ትምህርቱን ረቂቅ ለማዘጋጀት ባለሙያ ብትጠሩ፣ እኔና በዚህ ሙያ የምናስተምር ብዙዎች ያለ አበል እንመጣለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንዲት የአዋላጅ ነርስነት መምህርት